ፑሽአፕ በቆላ ምድር፦ የእጅ አቀማመጥና የሰውነት አያያዝ

ፑሽአፕ መዳፍንና የእግር ጣቶችን መሬት አስረግጦ፣ ሰውነትን ቀጥ አድርጎ በክንድ ኃይል ዝቅና ከፍ የማለት እንቅስቃሴ ነው። መሣሪያ አይጠይቅም፤ የሚነሣው ክብደት የሠሪው የራሱ ገላ ነው። ክንዶች ተዘርግተው ሳለ መዳፎች ከሰውነት ክብደት 69 በመቶ ያህሉን ይሸከማሉ፤ ደረት መሬት ሊነካ ሲል ደግሞ 75 በመቶ ገደማ ይደርሳል። 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው ታች ሲደርስ 45 ኪሎ ያህል በሁለት እጁ ላይ አረፈ ማለት ነው።

እንደ ገንዳ ውሃና መተማ ዮሐንስ ባሉ የቆላ ከተሞች የሰሊጥ ኩንታል የሚጭን ወዛደር ይህን ቁጥር ሊንቀው ይችላል። ኩንታሉን የሚችሉት ግን ጀርባና ጭን ናቸው። የሰሊጥ አረምና አጨዳም ጎንበስ ብሎ በመሳብ የሚሠራ ነው። የቆላው እርሻ ከመግፋት ይልቅ መሳብንና መሸከምን ስለሚያዘወትር፣ ብርቱ ተሸካሚ አሥር ንጹሕ ፑሽአፕ ቢያቅተው የሚያስገርም አይሆንም። ዋናውን ሥራ የሚሠሩት የደረት ጡንቻ፣ የትከሻ የፊት ጡንቻና ከክንድ በስተኋላ ያለው ትራይሴፕስ ናቸው። ሆድና መቀመጫ ደግሞ ወገብ እንዳይረግብ ይይዛሉ።

የእጅ ቦታ ብዙ ጊዜ በግምት ይመረጣል፤ ችግሩም ከዚያ ይጀምራል። ትክክለኛውን ለማግኘት በደረት ተኝቶ መዳፎችን ከደረት ግራና ቀኝ፣ በጡት ጫፍ ትይዩ ማሳረፍ ይበቃል። ከፊት ለፊት ለሚያይ ሰው ክርኑ በቀጥታ ከእጅ አንጓ በላይ ከዋለ ስፋቱ ልክ ነው፤ ሠሪው ሲነሣ መዳፎቹ ከትከሻው ስፋት እኩል ወይም ጥቂት ሰፋ ብለው ይገኛሉ። መዳፍ ወደ ጆሮ አካባቢ ከወጣ ጭነቱ ወደ ትከሻ መገጣጠሚያ ይዞራል።

ጣቶች ተከፍተው የመሐል ጣት ወደ ፊት ያመለክታል። ክብደቱ በመዳፍ ተረከዝ ላይ ብቻ ከተከመረ አንጓ ቶሎ ይታመማል፤ ስለዚህ የጠቋሚ ጣት ሥርና የጣቶች ጫፍ ጭምር መሬቱን መጫን አለባቸው። ክርኖችን እንደ መስቀል ወደ ጎን መዘርጋት በየመንደሩ የሚታይ ስሕተት ነው። የላይኛው ክንድ ከጎን ጋር 45 ዲግሪ ገደማ ሲሠራ ትከሻው ያርፋል።

ደረት ለማውጣት እጅን በጣም ማስፋት ይሻላል የሚለው የወጣቶች እምነት ብዙ መሠረት የለውም። ሦስት የእጅ ስፋቶችን በጡንቻ የኤሌክትሪክ መለኪያ ያነጻጸረና እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመ ጥናት፣ የደረት ጡንቻም ሆነ ትራይሴፕስ ይበልጥ የሠሩት እጆች በተቀራረቡ ጊዜ መሆኑን አሳይቷል። ሰፊ አቀማመጥ መውረጃውን ስለሚያሳጥር የቀለለ ይመስላል፤ ተወዳጅነቱም ከዚህ ሳይመጣ አይቀርም። ሆኖም አውራ ጣቶችን እስኪነካኩ ማጥበብ ክርንንና አንጓን ያስጨንቃልና ለጀማሪ አይመከርም። አንጓው የሚያመው ሰው በቴኳንዶ ክለቦች እንደተለመደው ጨብጦ በቡጢ ቢሠራ አንጓው ቀጥ ይልለታል፤ ከጡጫው በታች ግን የታጠፈ ጨርቅ ያስፈልጋል።

የሰውነት መስመርን ለመፈተን ሽመል ይበቃል። ጓደኛ ሽመሉን በጀርባ ላይ ሲያጋድመው የጭንቅላትን ኋላ፣ የላይኛውን ጀርባና የመቀመጫውን አናት ሊነካ ይገባል። ወገብ ረግቦ ሽመሉ ከሥሩ ከራቀ ወይም ቂጥ ተነሥቶ ዘንጉን ከገፋው መስመሩ ፈርሷል። መቀመጫንና ሆድን ጠበቅ ማድረግ ያስተካክለዋል። ዓይን ከጣቶች ትንሽ ቀደም ብሎ መሬቱን ያያል፤ አገጭ ቀድሞ መሬት ለመንካት አይሽቀዳደምም። ሲወርዱ አየር ይሳባል፣ ሲገፉ ይወጣል። ላይ ሲደርሱ መሬቱን ጥቂት ጨምሮ መግፋት የጀርባውን የትከሻ አጥንት የሚይዘውን ጡንቻ ያሠራል።

ሙሉውን ያልቻለ ሰው እጁን ከፍ ባለ ነገር ላይ ያሳርፋል። እጅ 60 ሴንቲ ሜትር ከፍ ሲል መዳፎች የሚሸከሙት ወደ 41 በመቶ ይወርዳል፤ በ30 ሴንቲ ሜትር 55 በመቶ ገደማ ነው። በጉልበት ተንበርክኮ መሥራትም ወደ 50 በመቶ ያወርደዋል፤ ነገር ግን የእግርንና የወገብን ሥራ ይቀንሳል። በቤት ውስጥ የአልጋ የእንጨት ጠርዝ፣ ግድግዳ ተደግፎ እስካልተንሸራተተ ድረስ፣ ጥሩ መነሻ ነው። የሰሊጥ ጆንያ ግን መዳፍ ሲጫነው ውስጡ ያለው ፍሬ እየሸሸ አንጓን ወደማይፈለግ አቅጣጫ ያጥፋል።

መሬቱም መመረጥ አለበት። የመተማ ጥቁር ዋልካ በክረምት ይላቁጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፤ አንዱ መዳፍ ስንጥቅ ላይ ካረፈ ትከሻዎች እኩል አይሆኑም። ሌላም ምክንያት አለ፦ ካላዛር የተባለውን በሽታ የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ የምትጠለለው በዚሁ በተሰነጠቀ ዋልካና በግራር ሥር ሲሆን፣ የምትነክሰውም በአብዛኛው ከምሽት እስከ ንጋት ነው። ስለዚህ ከግራር ጥላ ርቆ፣ ደልደል ባለ መሬት ላይ፣ ፀሐይ ከወጣች በኋላ መሥራት ይመረጣል። ሲሚንቶ ወለል ላይ ሰሌን ስለሚንሸራተት ባዶ ወለል ይሻላል፤ ሸበጥም የእግር ጣትን ስለሚያንሸራትት ማውለቅ ነው።

መተማ ዮሐንስ ከባሕር ወለል በላይ 700 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ ከየካቲት እስከ ግንቦት ባሉት ወራት የቀትር ሙቀት 40 ዲግሪ ያልፋል። ከ2,100 ሜትር በላይ ካለችው ጎንደር ለአረም የወረደ ሰው ገላው ሙቀቱን እስኪለምድ አንድ ወይም ሁለት ሳምንት ይፈጃል፤ እስከዚያ ጥቂት መሥራት ይበቃዋል። በሐምሌና ነሐሴ ቴርሞሜትሩ ዝቅ ቢልም አየሩ ስለሚረጥብ ላብ በቀላሉ አይተንም፣ ገላም ቶሎ አይቀዘቅዝም። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ ወይም ማዞር ከመጣ ወዲያው አቁሞ ጥላ ውስጥ መግባትና ገላን ማራስ ያስፈልጋል።

ወባ ወይም ካላዛር የያዘው ሰው ደሙ ሊያንስ፣ ጣፊያውም ሊያብጥ ይችላል። ያበጠ ጣፊያ በግፊት ወይም በመውደቅ ሊጎዳ ስለሚችል፣ ሕክምናውን ጨርሶ የጤና ባለሙያ እስኪፈቅድለት ፑሽአፕ መተው አለበት።

ለጤነኛ ጀማሪ በአንድ ዙር መቁጠር ያለባቸው ሽመሉ ከሦስቱ ነጥቦች ሳይለይ የተሠሩት ብቻ ናቸው። ሁለት ወይም ሦስት ዙር፣ በመካከሉ ከአንድ እስከ ሁለት ደቂቃ እረፍት፣ በሳምንት ሦስት ቀን ያህል ይበቃል። ኩንታል የተጫነበት ወይም ሙሉ ቀን አረም የታረመበት ቀን ከእነዚህ ውጪ ቢሆን ይመረጣል።