ሲፈርስ ያየነው፣ ሲኖር ያላየነው ትዳር

የሕንድ ፊልም በሀገራችን ሲኒማ ቤቶች ለረጅም ዘመን ብዙ ተመልካች ነበረው። ቋንቋውን ሳይሰሙ፣ ከተዋናዮቹ ፊት ታሪኩን አንብበው፣ መሐረባቸውን በእንባ አርሰው የሚመለሱ እናቶች ጥቂቶች አልነበሩም። በእነዚያ ፊልሞች ውስጥ ትዳር ሲታወክ ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ ከውጭ ይመጣ ነበር፤ ክፉ ዘመድ፣ ሀብታም ተቀናቃኝ ወይም ድህነት። ከባልና ከሚስት ልብ የሚነሣውን መቀዛቀዝ ፊት ለፊት የሚናገር ፊልም ሲመጣ ታዲያ ባለትዳር ሁሉ ጆሮውን ቢሰጥ አያስደንቅም።

ካራን ጆሃር የተባለው አዘጋጅ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2006 ዓ.ም. ያቀረበው «ካቢ አልቪዳ ና ኬህና» ይህን ተስፋ ይዞ የመጣ ነበር። ስሙ ወደ አማርኛ ሲመለስ «መቼም ቢሆን ደኅና ሁን አትበል» እንደ ማለት ነው። ሻህ ሩክ ካን፣ ራኒ ሙከርጂ፣ ፕሪቲ ዚንታ፣ አቢሼክ ባቻንና አባቱ አሚታብ ባቻን በአንድነት ተሰልፈውበታል። ርዝመቱም ከሦስት ሰዓት በላይ ነው።

ታሪኩ የሚፈጸመው በኒውዮርክ ከተማ በሚኖሩ ሁለት የሕንዳውያን ቤቶች ውስጥ ነው። ማያ የተባለችው መምህርት በሠርጓ ዕለት በጥርጣሬ ተውጣ ለብቻዋ ተቀምጣ ሳለች ዴቭ ከተባለ እግር ኳስ ተጫዋች ጋር ትገናኛለች። እሷ ተጽናንታ ወደ ሠርጓ ስትመለስ እሱ በመኪና ተገጭቶ እግሩ ይጎዳል፤ ጨዋታውም በዚያው ያበቃል። ከአራት ዓመት በኋላ ሁለቱ እንደገና ይገናኙና አንዳቸው የሌላውን ትዳር ለመጠገን ይመካከራሉ። ምክሩ ወደ ወዳጅነት፣ ወዳጅነቱም ወደ ውሽምነት ይለወጣል።

እስከዚህ ድረስ ነገሩ እውነትነት አለው። ብዙ ትዳር የሚፈርሰው በክፉ ሰዎች አይደለም፤ ቤት የነሣቸውን ጆሮ ሌላ ቦታ ባገኙ ሰዎች ነው። የፊልሙ ድካም ከዚህ በኋላ ይጀምራል።

የዴቭ ሚስት ሪያ የፋሽን መጽሔት ሠራተኛ ናት። ባሏ ከተጎዳ ወዲህ ቤቱ የቆመው በእሷ ደመወዝ ነው። እሱ ግን በእሷ መሾም ይከፋል፣ ያሽሟጥጣል፣ በሕፃን ልጃቸውም ላይ ይጮኻል። ይህ በየከተማው የምናውቀው ችግር ስለሆነ ፊልሙ ቆም ብሎ ሊመረምረው በተገባ ነበር። ነገር ግን የሪያን ድካም ከማሳየት ይልቅ ሥራ የበዛባትና ለቤቷ ጊዜ የሌላት ሴት አድርጎ አቅርቧት ያልፋል። ማታ ደክማ ገብታ የልጇን ነገር የምታስብ እናት፣ በበኩሏም የባሏን ኩርፊያ የምትሸከም ሚስት በዚህ ሁሉ ርዝመት ውስጥ ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው የደረሳት። የዘፈኑ ድርሻ ከእሷ ድርሻ ይበልጣል!

የማያም ነገር እንዲሁ ነው። ልጅ መውለድ እንደማትችል ይነገረናል። ይህ በአንድ ትዳር ላይ ምን ያህል ሸክም እንደሚጥል ለአንባቢዎቻችን ማስረዳት አያስፈልግም። ፊልሙ ግን ጉዳዩን ጠቅሶት ብቻ ያልፋል። ባሏ ሪሺ ይወዳታል፣ ይታገሣታል፤ እሷ ለምን እንዳልወደደችው ግን እስከ መጨረሻው በግልጽ አናውቅም። አቢሼክ ባቻን የተናቀውን ባል በሚገባ ተጫውቶታል፤ ለዚህም በሕንድ የፊልምፌር ሽልማት አግኝቷል።

አዛውንቱ አማት ምስጢሩን በዓይናቸው ካዩ በኋላ ልባቸው ታሞ ይወድቃሉ። በሞት አልጋ ላይ ሆነውም ፍቅር የሌለበት ትዳር ሁለቱንም ወገን ስለሚበድል ልጃቸውን እንድትለቀው ማያን ይመክሯታል። ምክሩ በራሱ ሊያከራክር የሚችል ነው። ሆኖም ከዚያ በኋላ ሁሉም ነገር በምቾት ይስተካከላል። የተከዱት ባልና ሚስት ሦስት ዓመት ሳይሞላ ሌላ ወዳጅ ያገኛሉ፤ ሪሺ ይሞሸራል፣ የሸፈቱትም በባቡር ጣቢያ ተቃቅፈው ይገናኛሉ። ሂሳቡን የከፈለ ሰው አይታይም። አባቱ ከቤት የወጣበት ያ ትንሽ ልጅ እንኳ ምን እንደተሰማው የጠየቀው የለም።

ይህን ለማለት የሚያስደፍረን ያው የሕንድ ሲኒማ ከዚያ በፊት የተሻለ ሠርቶ ስለነበር ነው። ማሄሽ ባት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1982 ዓ.ም. ያዘጋጀው «አርት» ስለ ባል ክህደት የተሠራ ፊልም ነው። ሻባና አዝሚ የተጫወተቻት ፑጃ ወላጅ አልባ ሆና ያደገችና የራሷ ቤት እንዲኖራት ስትመኝ የኖረች ሴት ናት። ባሏ ለአንዲት ተዋናይት ብሎ ሲተዋት ለሠራተኛ ሴቶች በተዘጋጀ ማረፊያ ክፍል ይዛ፣ ሥራ ፈልጋ ኑሮን ትጀምራለች። የቤት ሠራተኛዋ ደግሞ ለልጇ ትምህርት ቤት ያጠራቀመችውን ገንዘብ ሰካራም ባሏ ሰርቆ ለሌላ ሴት ያውልባታል። በዚያ ፊልም ውስጥ ክህደት የቤት ኪራይ፣ የትምህርት ቤት ክፍያና የነገ እንጀራ ጉዳይ ነው።

በመጨረሻ ባልየው ተጸጽቶ ይመለስና ይቅርታ ይጠይቃል። ፑጃም አንድ ጥያቄ ታቀርብለታለች፤ እኔ አንተ ያደረግኸውን አድርጌ ብመጣ ትቀበለኝ ነበር ወይ ትለዋለች። እሱም እውነቱን ይናገራል፤ አልቀበልሽም ነበር። እሷም ትታው ትሄዳለች፤ የሠራተኛዋን ልጅ እንደ ልጇ ይዛ፣ ሊያገባት የሚፈልገውን ሌላ ሰው እንኳ አመስግና አሰናብታ።