ያውቁ ኖሯል? ሕጉ «ሌላ መውጫ ነበረህ ወይ?» ብሎ ይጠይቃል

ከደብረ ብርሃን 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በገደል አፋፍ ላይ የተቀመጠችው አንኮበር ለሸዋ ነገሥታት መናገሻነት የተመቸችው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ከቆላው የሚመጣ ሁሉ አቀበቱን ሲወጣ ከሩቅ ይታያል። ራሱን መከላከል የሚማር ሰውም መጀመሪያ መያዝ ያለበት ይህንኑ ነው፤ አስቀድሞ ማየትንና ርቀት መጠበቅን። የገበሬው ዱላ ትልቁ ጥቅምም ይኸው ይመስለኛል፤ ከመምታቱ በፊት ያርቃል።

«የሸሸ ፈሪ ይባላል» የሚል ይኖራል፤ ስድቡ እንደሚያም አልክድም። ነገር ግን በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ፣ በአንቀጽ 78፣ ራሱን የተከላከለን ሰው ከቅጣት ነፃ የሚያደርገው ጥቃቱን በሌላ መንገድ ማስቀረት ሳይቻል ሲቀርና መከላከሉም ከጥቃቱ ጋር ሲመጣጠን ነው። ዘወር ማለት እየቻለ ግብግብ የገጠመ ሰው ይህን ከለላ ሊያጣ ይችላል። «በድንጋጤ ውስጥ ማን ይመጥናል?» ለሚለውም መልስ አለ፤ በአንቀጽ 79 መሠረት በመከላከሉ ከመጠን ያለፈ ሰው ቅጣቱ ይቀልለታል፤ ማለፉ ይቅር በሚያሰኝ ፍርሃት ወይም ድንጋጤ የመጣ ከሆነም ፍርድ ቤቱ ጨርሶ ሊምረው ይችላል። ወድቆ የተዘረረን አጥቂ መልሶ መደብደብ ግን መከላከል መሆኑ ቀርቶ በቀል ነው።