ተጨማሪ መረጃ፦ እቴጌዎቹ በሠዓሊ እጅ

ቄስ አዳሙ ተስፋው የቢቸና ሰው ናቸው። በቤተ ክህነት ትምህርት አድገው አዲስ አበባ ከገቡ በኋላ በሥዕል ታወቁ። እ.ኤ.አ. በ2005 በሎስ አንጀለስ የፋውለር ሙዚየም ስለ ሕይወታቸውና ሥራቸው መጽሐፍ አሳትሟል።

ያደጉበት የቤተ ክርስቲያን የአሣሣል ስልት እንዲህ ነው። የጥጥ ጨርቅ በሙጫ ከጭቃ ግድግዳ ይለጠፋል፤ ንድፉ በጥቁር መስመር ይወጣል፤ ቀለም ይሞላል።

ታላላቅ ሴቶችም በዚህ ስልት ተሥለዋል። በጣና ሐይቅ ደሴት ባለችው ናርጋ ሥላሴ የ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመኗ እቴጌ ምንትዋብ ከእመቤታችን እግር ሥር ተደፍተው ይታያሉ። አቀማመጡ የትሕትና ነው፤ ያጌጠው ልብሳቸው ግን ንግሥትነታቸውን አልደበቀም! በ1888 ዓ.ም. የዓድዋ ጦርነት ሥዕሎች ደግሞ እቴጌ ጣይቱን ከሠራዊቱ ጋር ዘምተው፣ በአንዳንዶቹም ሽጉጥ ይዘው እናያቸዋለን።

ዓይን ላይ አተኩሩ። በልማዱ ደጋጎችና ወገን የሆኑት ፊት ለፊት፣ በሁለት ዓይን ይሣላሉ፤ ጠላት ግን በጎን፣ በአንድ ዓይን ብቻ። ስለዚህ የጦር ሜዳው የቱንም ያህል ቢጨናነቅ ወገንን ከጠላት መለየት አያስቸግርም።

ቢቸና ወይም ሞጣ የምትማሩ ተማሪዎች፣ በአቅራቢያችሁ ባለ ቤተ ክርስቲያን አስፈቅዳችሁ የሴቶችን ሥዕል ተመልከቱ፤ ዓይናቸውን፣ ልብሳቸውንና በእጃቸው የያዙትን መዝግቡ።