ስለ መርካቶ አዳዲስ ሕንፃዎችና ስለ ኔትወርክ ሽቦ አዘረጋግ

ቤት ለመሥራት ያሰበ ሰው ሁሉ አስቀድሞ ውሃ በየት እንደሚገባ፣ እድፍ በየት እንደሚወጣ፣ መብራትም ከየት እንደሚመጣ ይጠይቃል። በዘመናችን ግን ከነዚህ ከሦስቱ ጋራ በአንድነት ሊጠየቅ የሚገባው አራተኛ ነገር አለ፤ ይኸውም ቃልንና ሒሳብን፣ ሥዕልንና ደብዳቤን ከክፍል ወደ ክፍል፣ ከሕንፃውም ወደ ዓለም ሁሉ የሚያመላልሰው የኔትወርክ ሽቦ ነው። ዛሬ ለአንባቢዎቻችን ልንገልጽ ያሰብነው ስለዚሁ ጉዳይ ነው፤ ይልቁንም በመርካቶ አዲስ የንግድ ሕንፃ ለሚሠሩት ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን።

የመርካቶ ገበያ የተቋቋመው ጣልያን አገራችንን በወረረበት ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ፣ በአራዳ ጊዮርጊስ አጠገብ የነበረው ትልቁ ገበያ ወደ ምዕራብ እንዲዛወር በመደረጉ ነው። ከዚያ ወዲህ ነጋዴው በየተራው ተከፋፍሎ፣ በጭቃና በቆርቆሮ ቤት ሲነግድ ብዙ ዘመን ኖረ። በኋላ ግን ጎረቤት ለጎረቤት የሆኑ ባለሱቆች ገንዘባቸውን አዋጥተው፣ በአክሲዮን ተባብረው፣ ብዙ ፎቅ ያላቸውን ሕንፃዎች ማቆም ጀመሩ። ይህ ትብብር የሚያስመሰግን ነው። ነገር ግን ከነዚህ ሕንፃዎች ወደ አንዳንዶቹ የገባ ሰው በደረጃው ላይ ዓይኑን ቢያነሣ፣ ሽቦ በሽቦ ላይ ተጠላልፎ እንደ ሐረግ ተንጠልጥሎ ያያል። አንዱ በመስኮት ገብቷል፤ ሌላው በመብራት ሽቦ ላይ ተጠምጥሟል፤ የብዙው ባለቤት ማን እንደ ሆነ የሚያውቅ የለም። አንድ ሱቅ መስመሩ ሲቋረጥበት ሠራተኛው የቱን መንካት እንደሚገባው ስለማያውቅ፣ የአንዱን ሲጠግን የሦስቱን ይበጥሳል።

የመገናኛ ሽቦ ለአገራችን እንግዳ ነገር አይደለም። ዳግማዊ ምኒልክ ከሐረር እስከ አዲስ አበባ 477 ኪሎ ሜትር የሚሆነውን የስልክ መስመር ማሠራት የጀመሩት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1894 ዓ.ም. ነው። ያን የሚያህል በረሃና ተራራ በሽቦ ከተሻገርን ዘንድ፣ ዛሬ ከምድር ቤት እስከ ስምንተኛው ፎቅ በሥርዓት ማሳለፍ ቢያቅተን የሚያሳፍር ነው።

«ስልኩ ያለ ሽቦ ይሠራ የለምን? ይህ ሁሉ ድካም ለምን ያስፈልጋል?» የሚል አይጠፋም። መልሱ እንዲህ ነው። ያለ ሽቦ የሚሠራው ዋይፋይ ራሱ ከጀርባው በሽቦ የታሰረ ነው፤ በአንድ ፎቅ ላይ አርባ ሱቅ እያንዳንዱ የራሱን መሣሪያ ቢሰቅል፣ አንዱ የሌላውን ሞገድ እያወከ ሁሉም ይደክማል። በ2013 ዓ.ም. ቴሌብር ከተጀመረ ወዲህ በስልክ መክፈል የገበያው ልማድ ሆኗል፤ የባንክ ቅርንጫፍ፣ የጥበቃ ካሜራና የዕቃ መቈጣጠሪያ ኮምፒዩተርም የማይቋረጥ መስመር ይሻሉ። መስመር በተቋረጠ ቍጥር ገበያተኛው ሒሳቡን ሳይከፍል ወደ ጎረቤት ሱቅ ይሄዳል።

እንግዲህ አስቀድሞ ሊታሰቡ የሚገባቸውን ነገሮች በአጭሩ እንዘርዝር።

መጀመሪያው የርቀት ነገር ነው። ከስርጭት ክፍሉ እስከ ሱቁ ሶኬት ድረስ የሚዘረጋው የመዳብ ኬብል ከ90 ሜትር መብለጥ የለበትም፤ በሁለቱ ጫፍ የሚሰኩት አጫጭር ገመዶች ተጨምረው 100 ሜትር ይሞላል። ይህ ርቀት በአየር ላይ የሚለካ አይደለም፤ ሽቦው ወደ ኮርኒስ ሲወጣና ወደ ሶኬት ሲወርድ፣ ማዕዘንም ሲዞር ያለው ሁሉ ይቈጠራል። ስለዚህ በንድፉ ላይ 70 ሜትር የሚመስለው ሱቅ ሲሠራ ከወሰኑ ሊያልፍ ይችላል።

ሁለተኛው የክፍል ነገር ነው። ስምንት ፎቅ ያለው፣ በየፎቁም አርባ ሱቅ የሚይዝ ሕንፃ ቢሠራ፣ ለያንዳንዱ ሱቅ ሁለት ሶኬት ቢታሰብ፣ በጠቅላላው 640 ኬብል ያስፈልጋል። ይህን ሁሉ ወደ ምድር ቤት ማውረድ ከንቱ ድካም ነው። በየፎቁ፣ አንዱ በሌላው ትክክል ላይ የሆነ አነስተኛ ክፍል ቢተው ግን፣ የፎቁ 80 ኬብል በዚያው ይሰበሰባል፤ ፎቅን ከፎቅ የሚያገናኘውም ጥቂት የፋይበር መስመር ብቻ ይሆናል።

ሦስተኛው የመንገድ ነገር ነው። የኔትወርክ ሽቦ ከመብራት ሽቦ ጋራ በአንድ ቱቦ መግባት የለበትም፤ አደጋም አለው፤ ኃይሉም መልእክቱን ያውካል። መተላለፍ ግድ ሲሆን በቀጥታ ማዕዘን ይሻገሩ። ቱቦው ከስፋቱ 40 በመቶ ያህል ብቻ ይሙላ፤ የቀረው ነገ ለሚጨመረው ይቆይ። ከመንገድ ወደ ሕንፃው የሚገባውም ቱቦ ከአንድ በላይ ይሁን፤ በ2015 ዓ.ም. ሁለተኛው የቴሌኮም ድርጅት አገልግሎት ስለ ጀመረ፣ ተከራዩ ከፈቀደው ጋራ የመዋዋል ነጻነት እንዲኖረው ያስፈልጋል።

አራተኛው የዕቃው ጥራት ነው። በገበያችን መዳብ ተብሎ የሚሸጥ፣ ውስጡ ግን መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም የሆነ ኬብል ይገኛል። ዋጋው ይቀላል፤ ነገር ግን ቶሎ ይሰበራል፤ በሩቅም መልእክቱ ይደክማል፤ በኬብሉ ኤሌክትሪክ ለሚቀበል ካሜራም ከመጠን በላይ ይሞቃል። የኬብሉን ጫፍ በቢላ ፋቅ አድርጎ ነጭ ብረት መታየቱን መመልከት ማንም የሚችለው ፈተና ነው። ሥራው ሲያልቅም እያንዳንዱ መስመር በመሣሪያ ይፈተን፤ በሁለቱም ጫፍ ቍጥር ይጻፍበት፤ ዝርዝሩም በሕንፃው ጽሕፈት ቤት ይቀመጥ።

ከሁሉ የሚከብደው ግን የዕቃ ጉዳይ ሳይሆን የልብ ጉዳይ ነው። በመርካቶ አንድ ካሬ ሜትር ቦታ እንደ ወርቅ ይቈጠራል። መሐንዲሱ በየፎቁ ለሽቦ የተወውን ክፍል ባለአክሲዮኖች ሲያዩ «ይህ ሱቅ ቢሆን ስንት ኪራይ ያመጣ ነበር!» ይላሉ፤ ክፍሉም ይከራያል። የክፍሉ ኪራይ ለጥቂቶች ሒሳብ ሲገባ፣ የመስመሩ መቋረጥ ግን የፎቁ ሱቆች ሁሉ ጉዳት ይሆናል። ከጥቂት ዓመትም በኋላ የተለሰነው ግድግዳ ይፈርሳል፤ ሶሌታውም ይበሳል፤ ዕዳውን ሁሉም በየድርሻው ይከፍላል። አባቶቻችን «ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ» ያሉት ለእንዲህ ያለው ነው።

ከገንዘብም የሚበልጥ ነገር አለ። ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ማታ በሸማ ተራ የተነሣው እሳት የብዙ ሰዎችን ሀብት እንዳወደመ ሁላችንም እናስታውሳለን። ስለዚያ እሳት መነሻ መናገር የዚህ ጽሑፍ ዓላማ አይደለም። ነገር ግን ሽቦ ለማሳለፍ በየፎቁ ተበስቶ ሳይደፈን የቀረ ቀዳዳ ለእሳትና ለጢስ እንደ ጭስ ማውጫ ሆኖ ከታች ወደ ላይ እንደሚያደርሳቸው የታወቀ ነው። ብዙው የኬብል ልባስም ሲቃጠል የሚያፍን መርዛም ጢስ ይሰጣል። ስለዚህ ቀዳዳው ሁሉ እሳት በሚከላከል ነገር ይደፈን፤ በደረጃና በመተላለፊያ ላይ የሚሄደውም ኬብል ጢሱ አነስተኛ ከሆነው ዓይነት ይመረጥ። ደረጃው በጭንቅ ቀን ሰው የሚያመልጥበት ስለ ሆነ፣ ሽቦ የሚሰቀልበት ቦታ ሊሆን አይገባም።

እንግዲህ በመርካቶ አዲስ ሕንፃ ለመሥራት የተሰበሰባችሁ ባለአክሲዮኖች ሆይ፣ ንድፉ ለፈቃድ ከመቅረቡ በፊት መሐንዲሳችሁን አንድ ጥያቄ ጠይቁት፤ «የኔትወርኩ ሽቦ በየት ይገባል? በየት ያልፋል? የትስ ያርፋል?» በሉት። መልሱን በቃል ሳይሆን በወረቀት ላይ ተስሎ ተቀበሉ። ጥያቄው ዛሬ የሚጠይቃችሁ አንዲት ትንሽ ክፍልና ጥቂት ቱቦ ነው፤ ነገ ግን ልጆቻችሁ በዚያ ሕንፃ ሲነግዱ፣ ግድግዳ ሳያፈርሱ፣ ደረጃም ሳያጨናንቁ፣ ዘመኑ ያመጣውን ሁሉ በዚያው መንገድ ያስገቡበታል።