እግር የሌለው ሱቅ በደረቴ

ባለፈው ቅዳሜ አንድ የማውቀው ልጅ ደወለልኝ። ኡበር ይነዳል። «ጋሼ፣ ቬንዲንግ ማሽን ገዛሁ!» አለኝ። እንኳን ደስ ያለህ ብዬ የት ሊያቆመው እንዳሰበ ጠየቅሁት። «እሱን እኮ ነው እርስዎን ልጠይቅ የደወልኩት» አለኝ። ማሽኑ ለጊዜው እናቱ ቤት ጋራዥ ውስጥ ቆሟል።

አልሳቅሁበትም፤ ከ11 ዓመት በፊት እኔም ያደረግሁት ይህንኑ ነው። ያኔ አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ ፓርኪንግ እሠራ ነበር። ያገለገለ የለስላሳና የመክሰስ ማሽን በ1,400 ዶላር ገዛሁ። ወደ 300 ኪሎ የሚጠጋ ብረት በሁለት ሰው ጉልበት እንደማይነሳ ያወቅሁት ከገዛሁት በኋላ ነው። ለማጓጓዣ ሌላ 250 ዶላር ወጣብኝ። ከዚያም አንድ ወዳጄ ፀጉር ቤት አቆምኩት። ሰው ሞልቷል፣ ወንበር ሞልቷል፣ ወሬ ሞልቷል። ገበያ ግን የለም። ደንበኛው ከጎረቤት ቡናውን ይዞ ይገባል፣ ተቆርጦ ይወጣል። ሦስት ወር ሙሉ በሳምንት ከ10 ዕቃ በላይ አልሸጥኩም።

አዲስ አበባ ያደገ ሰው ሱቅ በደረቴን ያውቃል። ማስቲካ፣ ሶፍት፣ ከረሜላ፣ በፍሬ የሚሸጥ ሲጋራ በካርቶን ደርድሮ ደረቱ ላይ አንጠልጥሎ የሚዞረውን ልጅ ማለቴ ነው። ገበያ ሲቀዘቅዝበት ይነሳል። ኳስ ካለ ስታዲየም በር ላይ ታገኘዋለህ፤ ሲመሽ ታክሲ ተራ ነው። እኔ የገዛሁት ማሽን ያው ሱቅ በደረቴ ነበር፤ የጎደለው እግር ብቻ ነው። እሱ መሄድ ስለማይችል፣ ከመግዛቴ በፊት መዞር የነበረብኝ እኔ ነበርኩ።

ሁለተኛውን ቦታ በእግሬ አገኘሁት። ስፕሪንግፊልድ አካባቢ 70 ያህል ሰው በሁለት ፈረቃ የሚሠራበት ዌርሃውስ ነው። ዕረፍታቸው 30 ደቂቃ ነው፤ ቅርብ የሚባለው ሱቅ በመኪና 10 ደቂቃ ይርቃል። ሄዶ፣ ተሰልፎ፣ ገዝቶ ለመመለስ ጊዜው አይበቃም። ሁለት ቀን በዕረፍት ሰዓታቸው መኪናዬ ውስጥ ቁጭ ብዬ እጃቸውን አየሁ። ምሳውን ይዞ የሚመጣው ብዙ ነው፤ የሚጠጣ ይዞ የሚመጣው ግን ጥቂት ነው። ይህን ካየሁ በኋላ ነው ገብቼ ኃላፊውን ያነጋገርኩት። ወሳኙ ነገር የሰው ብዛት ብቻ ሳይሆን የሚቆይና ሌላ አማራጭ የሌለው ሰው መኖሩ ነው።

እዚህ አካባቢ ያለ ጀማሪ ሁሉ ዓይኑን መጀመሪያ የሚጥለው በዋሽንግተን የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ላይ ነው። እኔም ጥዬ ነበር። በ1936 የወጣው የራንዶልፍ-ሼፓርድ ሕግ ግን በፌዴራል ሕንፃዎች ውስጥ ይህን ንግድ ለመሥራት ቅድሚያውን ፈቃድ ላላቸው ዓይነ ስውራን ይሰጣል። መልካም ሕግ ነው፤ ጊዜህን ሌላ ቦታ ፈልግበት። ትምህርት ቤት ደግሞ የራሱ ደንብ አለው። ከ2014 ጀምሮ በፌዴራል የምሳ ፕሮግራም በታቀፉ ትምህርት ቤቶች በትምህርት ቀን ለተማሪ የሚሸጥ መክሰስ ከ200 ካሎሪ መብለጥ የለበትም፤ የጨውና የስኳር ገደብም አለበት። ፀጉር ቤት የተረፈህን ቺፕስ እዚያ አትወስደውም።

«ማሽኑንም ቦታውንም እኛ እንሰጥሃለን፤ አንተ ተኝተህ ገንዘብ ትሰበስባለህ» የሚሉም አሉ። እንዲህ ያለውን ሽያጭ የሚቆጣጠር የፌዴራል ደንብ ከ2012 ጀምሮ ሥራ ላይ ነው። ሻጩ ከመፈረምህና ከመክፈልህ ቢያንስ 7 ቀን አስቀድሞ የመግለጫ ሰነድ ሊሰጥህ ይገባል። ተከሶ ያውቅ እንደሆነ፣ ከዚህ በፊት እነማን እንደገዙት የሚነግርህ ሰነዱ ነው። የገዙትን ደውለህ ጠይቃቸው። «ዛሬ ካልፈረምክ ያመልጥሃል» የሚልህ ከሆነ ይለፍህ።

ሒሳቡ እንዲህ ነው። በ60 ሳንቲም የገዛሁትን ቺፕስ በ1.50 እሸጣለሁ። ከዚያ ላይ 10 በመቶ ማለትም 15 ሳንቲም ለቦታው ባለቤት ይሄዳል። በካርድ የተከፈለ እንደሆነ ሌላ 9 ሳንቲም ያህል ይቀነሳል። የሚተርፈኝ 66 ሳንቲም ነው። ግብሩ፣ ቤንዚኑ፣ ኢንሹራንሱና ቀኑ ያለፈበት ዕቃ ገና አልተነሱም። በሳምንት 100 ቢሸጥ 66 ዶላር ነው፤ እንደ ፀጉር ቤቱ 10 ብቻ ቢሸጥ 6.60። ሁለቱም ጋ የምነዳው መንገድ ግን አንድ ነው።

ተኝቶ ስለማግኘት ከተነሳ ሰኞ ጠዋት የዌርሃውሱን ማሽን ስከፍት መጥታችሁ እዩኝ። ዕቃውን የሚይዘው ጥምዝምዝ ሽቦ ነው፤ ሲዞር ዕቃውን ወደፊት ገፍቶ ይጥላል። አንዳንድ ጊዜ የቺፕሱ ከረጢት አናቱ ሽቦው ጫፍ ላይ ይያዝና ተንጠልጥሎ ይቀራል። የከፈለው ሰው በመስታወቱ ውስጥ ያየዋል፣ አያገኘውም። ማሽኑን ይነቀንቃል፤ ያ ብረት ደግሞ ሰው ላይ ከወደቀ ይገድላል። አንድ ሰኞ መስታወቱ ላይ «1.50 በልቶብኛል» የሚል ወረቀት ተለጥፎ አገኘሁ። ከሥሩ በሌላ ሰው እጅ ጽሑፍ «እኔንም» የሚል ተጨምሯል።

የሽቦው ጫፍ የሚቆምበትን ቦታ ጥቂት አዞርኩት፤ ከረጢቱም መውደቅ ጀመረ። ከዚያ እንግዳ መቀበያው ጋ 20 ዶላር በአንድ አንድ ዶላርና በሳንቲም ዘርዝሬ በፖስታ አስቀመጥኩ። ገንዘቡ የተበላበት ሰው ስሙን ጽፎ ይወስዳል። «ይሰርቁሃል» ያሉኝ ነበሩ። በመጀመሪያው ወር ከፖስታው የወጣው 6 ዶላር ነው፤ «እኔንም» ያለው ሰውዬም የወሰደው የራሱን 1.50 ብቻ ነው። ሱቅ በደረቴው መልስ አጉድሎብህ ቢሆን ነገም እዚያው ጥግ አግኝተህ ትጠይቀዋለህ። ማሽን ግን ፊት የለውም። ፊቱ እኔ ነኝ።

ለልጁ ይህን ሁሉ በስልክ አልነገርኩትም። ማክሰኞ ከሥራ በኋላ አንድ ዌርሃውስ በር ላይ በእሱ መኪና ቁጭ ብለን ሰው ምን ይዞ እንደሚገባ ልንቆጥር ተቀጣጥረናል። ማሽኑ ጋራዥ ውስጥ ይቆይ፤ እሱ እንደሆነ የትም አይሄድ።