ከጦሩ በፊት ዱካው

ስለ ማሳዮች የሚነገር አንድ ወሬ ከአስጎብኚዎች አፍ ተነስቶ በቴሌቪዥን አልፎ እኛም ቤት ገብቶ ተደላድሏል። የማሳይ ወጣት ወንድ የሚባለው ብቻውን ወጥቶ አንበሳ በጦር ሲገድል ነው ይላል ወሬው። እውነቱ ሌላ ነው። የማሳይን ልጅ ከልጅነት የሚያሻግረው ግርዛት ነው። ከዚያ በኋላ ሞራን፣ ማለትም ከብትና መንደር የሚጠብቅ ጎበዝ ይሆናል፤ አንበሳ ያልገደለም ሞራን ሞራን ነው። ብቻውን አንበሳ የጣለ የለም ማለት አይደለም። ኦላማዮ የሚባለው ስመ ጥር አደን ግን የቡድን ሥራ ነው።

ይህ ጥቃቅን ማረም አይደለም። ወሬው ማሳዮቹን የሚያጀግን ይመስላል እንጂ ሙያቸውን ይቀማቸዋል። ድፍረት ብቻውን አንበሳ ፊት አያቆምም፤ አንበሳው የት እንዳለ እንኳ አይናገርም።

አደኑ የሚጀመረው ጎህ ሲቀድ፣ ሽማግሌዎችና ሴቶች ሳይነቁ ነው። ጎበዞቹ በቀጠሩት ቦታ በድብቅ ይገናኛሉ። እዚያ አንጋፋዎቹ ያበጥራሉ፤ ልጅ እግሩና ያልጠነከረው ምስጢር እንዲጠብቅ ተነግሮት፣ ትርፍ መሣሪያውን ለሚሄዱት ትቶ ወደ ቤቱ ይመለሳል። መሣሪያቸው ረጅም ጦር፣ አጭር ጎራዴና ከጎሽ ቆዳ የተሠራ ጋሻ ነው።

ዋናው ሙያ የሚታየው ግን ጦር ሳይነሳ ነው። የአንበሳ ዱካ አራት ጣት አለው፤ የጥፍር ምልክት የለውም፤ አንበሳ ሲራመድ ጥፍሩን ወደ ውስጥ ይሰበስባልና። የጅብ ጥፍር አፈሩን ነጥብ ነጥብ አድርጎ ይወጋዋል። አቦሸማኔ ደግሞ ከድመት ወገን ሆኖ ሳለ ጥፍሩን ሙሉ በሙሉ ስለማይከት፣ ጀማሪን ከጅብና ከውሻ ጋር ያምታታዋል። ነብር የአንበሳን ይመስላል፤ መጠኑ ግን ያንሳል። የመዳፉ ትራስ ከኋላ በኩል በሦስት ጉብታ ካለቀ የድመት ወገን መሆኑ አያጠራጥርም።

ከማን በኋላ መቼ ይመጣል። ሌሊት የሚሄዱ ነፍሳት ዱካውን አቋርጠውት ከሆነ አንበሳው ካለፈ ቆይቷል። ጠርዙ በነፋስ ከተሸረሸረ መከተሉ ድካም ነው። በአንጻሩ ሣሩ ላይ ያደረው ጤዛ በአንድ መስመር ረግፎ ከታየ አውሬው ያለፈው ከንጋት ወዲህ ነው፤ ድምፅ መቀነስ የሚያስፈልገውም ያኔ ነው። ቀጭኔ መብላቷን ትታ አንድ ቁጥቋጦ ላይ ዐይኗን ከተከለች ሞራኑ የምታየውን ከእሷ ይማራል። ይህን ሁሉ የሚያነበው ቆሞ ሳይሆን እየተራመደ ነው።

የመጨረሻው ትግል አጭር ነው። እ.ኤ.አ. በ1909 ሥልጣኑን የለቀቀው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት፣ የማሳይ ጎረቤት የሆኑት ናንዲዎች አንበሳ ሲገድሉ በዐይኑ አይቶ ጽፎታል። ጦረኞቹ አንበሳውን ክብ ሠርተው ዘጉበት። አንበሳውም ሰብሮ ለመውጣት በአንዱ ላይ ተወረወረ፤ ጦሩ ቢወጋውም ሰውየውን ከሥሩ ጣለው። ያተረፈው ከግራና ከቀኝ የተሰነዘረው የጓደኞቹ ጦር ነው። ከክቡ አንድ ሰው ቢሸሽ ኖሮ የሚሞተው ጎረቤቱ ነበር።

በማሳዮች ዘንድ ሴት አንበሳ ሰው ወይም ከብት ካልፈጀች በቀር አትታደንም፤ የታመመ ወይም ወጥመድ የያዘው አንበሳም ክብር አያስገኝም። ጎፈሩን ሴቶች በጨሌ ያስጌጡትና ገዳዩ በበዓል ቀን ራሱ ላይ ይደፋዋል። ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ይህ ባዕድ አይደለም፤ የአንበሳ ጎፈር የአርበኞቻችንና የመኳንንቱም ጌጥ ነበር። ጅራቱ ግን የአንድ ሰው አይደለም፤ በሞራኖቹ ሰፈር በክብር ይቀመጣል።

ናይሮቢ ገበያ ላይ ሦስት ቦታ ተፈታቶ ሻንጣ ውስጥ የሚገባ ጦር ለቱሪስት ሲሸጥ ይህ ጸሐፊ አይቷል። ገዥዎቹ ጦሩን ሰብቀው ፎቶ ይነሳሉ፤ ሻጩን ስለ ዱካ የሚጠይቅ ግን አይገኝም። አገር አቋርጦ የሄደ ሰው ከዚህ የተሻለ ጥያቄ ይዞ ቢሄድ ምን ነበረበት!

ኬንያ አደንን በሕግ የከለከለችው እ.ኤ.አ. በ1977 ነው። ክልከላው ግን ከብት የተበላበትን ሰው ቁጣ አላበረደም። ጦሩን የተካው መርዝ ከሁሉም ይከፋል፤ ካርቦፉራን የተባለው የተባይ ማጥፊያ በሬሳ ላይ ከተነሰነሰ አንበሳውን ብቻ ሳይሆን ጅቡንና ጥንብ አንሳውን ጭምር ይፈጃል። ሙያ አይጠይቅም፣ ከማንም ፊት አያቆምም፣ በዳይና ንጹሕ አይለይም።

እ.ኤ.አ. በ2007 በአምቦሴሊ አካባቢ የተመሠረተው የአንበሳ ጠባቂዎች ድርጅት የያዘው መንገድ አስተዋይነት የሞላበት ነው። ከመሥራቾቹ አንዷ የሆነችው ተመራማሪ ሊላ ሃዛ ማሳዮች አንበሳ ለምን እንደሚገድሉ ለመረዳት መሃላቸው ኖራለች። ድርጅቱ ሞራኖችን ደመወዝ ከፍሎ ይቀጥራል፤ ያልተማሩትንም ማንበብና መጻፍ ያስተምራል። ቀድሞ አንበሳ የገደለ ሞራን የአንበሳ ስም ይወጣለት ነበር፤ አሁን ለአንበሶቹ የማሳይ ስም የሚያወጡት ጠባቂዎቹ ናቸው። አንዳንዱ አንበሳ አንገቱ ላይ የራዲዮ ማሰሪያ አለው፤ የሌላቸውን የሚያገኟቸው በዱካቸው ነው። ጠባቂው መንጋው የት እንደዋለ ካወቀ በኋላ ለእረኞች ይነግራል፤ እነሱም ከብታቸውን በሌላ በኩል ያሰማራሉ። የጠፋ ከብት ሳይጨልም ፈልጎ ማምጣትና የላላ የእሾህ በረት ማጠናከርም የእሱ ሥራ ነው።