ሞተሩ ሲጎለብት ፍሪሲዮኑስ? ኃይሉ ለተጨመረ መኪና ፍሪሲዮን ስለ መምረጥ

(በፋኩልቲያችን የሕዝባዊ ንግግር መርሐ ግብር በጥሊሊ ከተማ የቀረበ ንግግር)



ዛሬ የምናገረው በሞተርና በካምቢዮ መካከል ተሸሽጎ ስለሚሠራ አንድ ዕቃ ነው። ስሙን ከጣልያንኛ ወስደን ፍሪሲዮን እንለዋለን፤ ትርጉሙም ሰበቃ ማለት ነው። ስሙ ሥራውን ይናገራል። ሞተሩ የሚያመነጨው ኃይል ሁሉ ወደ ጎማ የሚያልፈው በአንድ ሸራ ሰበቃ በኩል ነው።

በአገራችን መኪና በቶሎ አይጣልም፤ ይጠገናል፣ ይሻሻላል። አሮጌ ላንድ ክሩዘር ቱርቦ ይጨመርለታል፤ የፒክአፕ ሞተር ወጥቶ ከእርሱ የበረታ ይገባለታል። በ2016 ዓ.ም. ኤሌክትሪክ ያልሆኑ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑ ከተነገረ ወዲህ ደግሞ፣ በእጅ ያለውን መኪና ማቆየትና ማጎልበት የባሰ ትርጉም አግኝቷል። ችግሩ ባለቤቱ ገንዘቡን በሞተሩ ላይ ጨርሶ ፍሪሲዮኑን መርሳቱ ነው። በመጀመሪያው ረጅም ዳገት ሞተሩ ይጮኻል፣ መኪናው ግን አይፈጥንም፤ የተቃጠለ ሽታ ይመጣል። ከዚያ በኋላ ወደ ዕቃ መሸጫ ሄዶ «ከሁሉ የጠነከረውን ስጡኝ» ይላል።

እኔ ዛሬ የማስረዳው ይህ ጥያቄ የተሳሳተ መሆኑን ነው። ትክክለኛው ፍሪሲዮን ከሁሉ የጠነከረው ሳይሆን፣ ለተለካው የሞተር ኃይል፣ ለመኪናው ክብደትና ለሚሄድበት መንገድ የሚመጥነው ነው።

የሚሸከመው ምን ያህል ነው?

ፍሪሲዮንን የሚፈትነው የፈረስ ጉልበት ቁጥር ሳይሆን ቶርክ የምንለው የመጠምዘዝ ኃይል ነው። ሁላችንም በምናውቀው መኪና ላይ ላሳያችሁ። 1 ኤች ዜድ የሚባለው የላንድ ክሩዘር ናፍጣ ሞተር 4.2 ሊትር፣ ባለ ስድስት ሲሊንደርና ቱርቦ የሌለው ነው፤ ከፋብሪካው ሲወጣ 285 ኒውተን ሜትር ገደማ ቶርክ ይሰጣል። በእኛ ደጋ ግን ይህን ያህል አያወጣም። በ2,500 ሜትር ከፍታ የአየሩ ጥግግት በባሕር ወለል ካለው 78 በመቶ ገደማ ብቻ ስለሆነ ሞተሩ ትንፋሽ ያጥረዋል። ስለዚህ በዚህ አገር ቱርቦ የሚጨምር ሰው ምክንያት የለውም አይባልም።

የአንድ ፍሪሲዮን የመሸከም አቅም አራት ነገሮች ተባዝተው ይገኛል፤ እነዚህም የሚሰበቁት ገጾች ብዛት፣ የሸራው የሰበቃ መጠን፣ ጋራዦች ፕሬዠር ፕሌት የሚሉት ሳህን የሚጫንበት ኃይልና የሸራው አማካይ ራዲየስ ናቸው። ለስሌት እንዲመች እኔ የመረጥኳቸውን ቁጥሮች እንውሰድ፤ ገጾቹ 2፣ የሰበቃው መጠን 0.3፣ የመጫን ኃይሉ 6,000 ኒውተን፣ ራዲየሱ 0.11 ሜትር ይሁኑ። ብዜቱ 396 ኒውተን ሜትር ነው። ከ285 ጋር ሲነጻጸር 39 በመቶ ትርፍ አለው።

ይህ ትርፍ ቅንጦት አይደለም። ሸራው ሲሞቅ የሰበቃ መጠኑ ይወርዳል፤ ሞላው ሲደክም የመጫን ኃይሉ ይቀንሳል። አሁን ቱርቦ ተጨምሮ ቶርኩ 380 ደረሰ እንበል። ትርፉ 4 በመቶ ብቻ ሆነ። ሸራው ሞቆ የሰበቃ መጠኑ ከ0.3 ወደ 0.25 ቢወርድ አቅሙ 330 ይሆናል፤ ፍሪሲዮኑም ይንሸራተታል። መንሸራተቱ ሙቀት ይወልዳል፣ ሙቀቱም መንሸራተትን ይጨምራል። አዙሪቱ አንዴ ከተጀመረ ሸራው በአንድ ዳገት ሊያልቅ ይችላል።

መፍትሔው ሦስት መንገድ አለው። የመጫን ኃይሉን በ25 በመቶ ብናሳድግ አቅሙ 495 ይሆናል፤ ከ380 በላይ 30 በመቶ ትርፍ ይሰጣል። ሸራውን 0.4 የሰበቃ መጠን ባለው ብንቀይር 528 ይሆናል። ባለ ሁለት ዲስክ ብናደርገው ገጾቹ 4 ስለሚሆኑ 792 ይደርሳል። ቁጥሩን ብቻ ያየ ሰው ሦስተኛውን ይመርጣል። እንዳይቸኩል ግን የቀሩትን ነገሮች እንመልከት።

ሸራ የሚበላው ሙቀት ነው

ቆሞ የነበረ መኪና በሜዳ ሲነሣ በፍሪሲዮኑ ላይ የሚቀረው ሙቀት፣ ፍሪሲዮኑ ሙሉ በሙሉ እስኪይዝ ድረስ መኪናው ካገኘው የእንቅስቃሴ ጉልበት ጋር እኩል ነው ማለት ይቻላል። ከነጭነቱ 3,000 ኪሎ የሚመዝን መኪና በአንደኛ ማርሽ ተነሥቶ በሰዓት 9 ኪሎ ሜትር ላይ ፍሪሲዮኑ ቢይዝ ሙቀቱ 9,375 ጁል ነው። በሁለተኛ ማርሽ ተነሥቶ በ18 ላይ ቢይዝ 37,500 ጁል ይሆናል፤ ፍጥነቱ በእጥፍ ሲያድግ ሙቀቱ አራት እጥፍ ይሆናል ማለት ነው። በዚሁ ሕግ መሠረት ለግርማ ሞገስ ሲባል 10 በመቶ የሚበልጥ ጎማ የገጠመ ሰው የፍሪሲዮኑን ሙቀት በ21 በመቶ ጨምሯል።

ዳገት ሲመጣ ነገሩ ይከፋል። ፍሪሲዮኑ ከሚያስተላልፈው ቶርክ ግማሹ መኪናው ወደ ኋላ እንዳይመለስ ለመያዝ ብቻ ከዋለ ሙቀቱ በሜዳ ከነበረው ሁለት እጥፍ ይሆናል፤ ሦስት አራተኛው ከዋለ አራት እጥፍ። በእጅ ፍሬን ፈንታ ፔዳሉን በግማሽ ይዞ ዳገት ላይ የሚቆም አሽከርካሪ ደግሞ ሞተሩ የሚሰጠውን ኃይል በሙሉ በሸራው ላይ ያቃጥላል። «ከአያያዝ ይቀደዳል፣ ከአነጋገር ይፈረዳል» የሚለው የአበው ቃል ለዚህ የተነገረ ይመስላል።

ቆላ ስንወርድ

ብዙ ጊዜ የማይታሰብ አንድ ነገር አለ። የቱርቦ ግፊት የሚለካው ከአካባቢው አየር ግፊት በላይ ተብሎ ነው። በ2,500 ሜትር የአየሩ ግፊት 75 ኪሎ ፓስካል ገደማ ነው፤ ቱርቦው 50 ቢጨምር ሞተሩ 125 ያገኛል። በ1,000 ሜትር ከፍታ አየሩ ራሱ 90 ስለሚደርስ በዚያው የቱርቦ ልክ ሞተሩ 140 ያገኛል፤ ጭማሪው 12 በመቶ ነው። ነዳጁ አየሩን በሚከተልበት ሞተር፣ ማለትም በቤንዚን ሞተርና በኮምፒውተር በሚመራ የናፍጣ ሞተር፣ ቶርኩም በዚያው መጠን ሊያድግ ይችላል። በ1 ኤች ዜድ ላይ ፓምፑ ሜካኒካል ስለሆነ ጭማሪው በነዳጁ ማስተካከያ ይገደባል።

ስለዚህ በደጋ 380 የሰጠ ዘመናዊ ሞተር በቆላ ወደ 425 ሊጠጋ ይችላል፤ የ495 ፍሪሲዮን ትርፍም ከ30 ወደ 16 በመቶ ይወርዳል። ከጥሊሊ ተነሥታችሁ በቡሬና በደብረ ማርቆስ አድርጋችሁ ወደ አዲስ አበባ ስትጓዙ ከደጀን እስከ ዓባይ ድልድይ ከ1,000 ሜትር በላይ ትወርዳላችሁ፤ ድልድዩን እንደተሻገራችሁም የጎሐ ጽዮን ዳገት ይቀበላችኋል። ሞተሩ አብዝቶ የሚጠመዝዘው፣ አየሩ የሚሞቀውና ዳገቱ የሚጀምረው በአንድ ቦታ ነው። ከእንጅባራ በቻግኒ ወደ ግልገል በለስ ለሚወርድም ነገሩ ተመሳሳይ ነው። ፍሪሲዮን የሚመረጠው መኪናው ለሚውልበት ከተማ ሳይሆን ለሚደርስበት ዝቅተኛ ቦታ ነው።

ነገሩ የገንዘብ ብቻ አይደለም። ቁልቁለት ላይ ማርሽ ቀንሰን ሞተሩ መኪናውን እንዲይዝልን የምናደርገው በዚሁ ፍሪሲዮን በኩል ነው። ሸራው ከተቃጠለ የሞተሩ መያዝ ይጠፋል፤ ሸክሙ ሁሉ በፍሬን ላይ ይወድቃል። በዓባይ በረሃ መታጠፊያዎች ላይ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ለእናንተ አልነግራችሁም።

የጠነከረው ለምን አይሻልም?

ፍሪሲዮን ኃይል አስተላላፊ ብቻ ሳይሆን እንደ ቤታችን ፊውዝም ነው። ድንገት ፔዳሉ ሲለቀቅ የሚሽከረከረው ቮላኖ ያከማቸውን ጉልበት ሁሉ ይወረውራል፤ ድንጋጤውን የሚገድበው የፍሪሲዮኑ መንሸራተት ነው። አንደኛ ማርሽና ዲፈረንሻል ተባዝተው ቶርኩን 16 ጊዜ ያሳድጋሉ እንበል። የ396 ፍሪሲዮን ወደ አክስል የሚያሳልፈው ከፍተኛ ድንጋጤ 6,336 ኒውተን ሜትር ነው፤ የ792 ግን 12,672። ፍሪሲዮኑ አልንሸራተትም ሲል የካምቢዮ ጥርስ ወይም አክስል ይሰበራል። ርካሹን ዕቃ አድነን ውዱን ሰበርን ማለት ነው።

የሸራው ዓይነትም አለ። የተለመደው ኦርጋኒክ ሸራ ለስለስ ብሎ ይይዛል፣ ለከተማና ለጭነት ይስማማል፤ ከልክ ያለፈ ሙቀት ግን ያቃጥለዋል። ኬቭላር ያለበት ለስላሳና ረጅም ዕድሜ ያለው ነው፤ እስኪለማመድ ግን ትዕግሥት ይፈልጋል። የሴራሚክና የብረት ቁርጥራጭ ያለበት ሙቀት ይችላል፤ ሆኖም እንደ መብራት ማብሪያ ወይ ይዟል ወይ ለቋል፣ ቮላኖውንም ይበላል። ለውድድር የተሠራ ነው፤ በገበያ ቀን ሰውና ጋሪ በሞላበት መንገድ በዝግታ ለሚሄድ አይመከርም። የመጫን ኃይሉ የበዛ ፍሪሲዮን ደግሞ ፔዳሉን ያከብዳል፤ በረገጥን ቁጥር የሚገፋውን ኩሽኔታ ቶሎ ይጨርሳል። በዲስኩ መካከል ያሉት ትንንሽ ሞላዎች የሞተሩን ንዝረት ከካምቢዮ ስለሚከላከሉ፣ ለመንገድ መኪና ሞላ የሌለው ዲስክ አትግዙ።

እንግዲህ እንዴት እንምረጥ?

በመጀመሪያ የተሻሻለውን ሞተር ቶርክ እወቁ፤ የሚለካበት መሣሪያ ካልተገኘ ሥራውን የሠራው ባለሙያ በቁጥር እንዲናገር አድርጉ። ቀጥሎ ክብደቱን ከነጭነቱ፣ የጎማውን ልክና የምትወርዱበትን ዝቅተኛ ቦታ መዝግቡ። ሻጩን «ስቴጅ ስንት ነው?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ ስቴጅ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት የሚባለው የየአምራቹ የገበያ ስም እንጂ የጋራ መለኪያ አይደለም። «ስንት ኒውተን ሜትር ይሸከማል? ሸራው ከምንድን ነው? ዲያሜትሩና የመሐሉ ጥርስ ብዛት ስንት ነው?» በሉ። በቆላ ከሚያገኘው ቶርክ 30 በመቶ ገደማ የሚበልጥ፣ ኦርጋኒክ ሸራና ባለ ሞላ ዲስክ ያለው ፍሪሲዮን ለአብዛኛው የመንገድ መኪና ይበቃል።

ሲገጠም ቮላኖው ይስተካከል፤ ከሞተሩ በስተኋላ የሚያንጠባጥብ ዘይት ካለ አስቀድሞ ይዘጋ፤ ኩሽኔታውም አብሮ ይለወጥ። የአሮጌ ሸራ ብናኝ አስቤስቶስ ሊኖርበት ስለሚችል በአየር አትንፉት፤ በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉት። ከገጠማችሁ በኋላ ለጥቂት መቶ ኪሎ ሜትሮች ያለ ከባድ ጭነት ንዱት።

ይህ ሁሉ ተሟልቶ የሚመጥን ፍሪሲዮን ካልተገኘ ግን አንድ ርካሽ መፍትሔ ይቀራል፤ ያላችሁ ፍሪሲዮን እስኪችለው ድረስ የቱርቦውን ግፊትና ነዳጁን መቀነስ። ትንሽ ጉልበት የቀነሰ መኪና ዳገቱን በዝግታ ይወጣል፤ ሸራው የተቃጠለ መኪና ግን በዓባይ በረሃ ይቀራል።

 አሁን ወደ ጥያቄዎቻችሁ እንለፍ።